ጠርሙስ ያፈራ ዛፍ

ባለፈው ጥቅምት ገርጂ የታመመች ዘመዴን ጠይቄ ስመለስ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ ከአንድ የድንጋይ አጥር ሥር ሽታ አቆመኝ። ደስ የሚል ሽታ አልነበረም። ያደረ ሊጥና ዝናብ የመታው ውሻ አንድ ላይ ቢሆኑ እንደዚያ ይሸቱ ይሆናል። ሁለት ልጃገረዶች አፍንጫቸውን ይዘው በአጠገቤ አለፉ፤ አንደኛዋ ለጓደኛዋ ቱቦ ፈንድቷል አለቻት። ቱቦ አለመፈንዳቱን ዐውቄአለሁ። ቀና ብዬ ሳይ ከአጥሩ በላይ ቅጠሉ ክብ፣ ወፍራምና አንጸባራቂ የሆነ ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ ቆሟል። አበባው እንደ ሌላው ዛፍ ከቅርንጫፍ ጫፍ ሳይሆን ከራሱ ከእንጨቱ ላይ ነው የሚወጣው፤ ጥቃቅን፣ ቀላ ያለ፣ ጭራ የመሰለ አበባ። ንብና ዝንብ ከቦታል። ጥቂት ቆሜ አሸተትኩት፤ ከዚያ ወደ መገናኛ የሚሄድ ታክሲ ያዝኩ። መንገዱን በሙሉ ግን ሐሳቤ ቦሌ፣ እትዬ ሰልማ ግቢ ውስጥ ነበር።

ዛፋቸውን ሊቆርጡ የመጡ ዕለት ማን የት እንደቆመ አሁንም ይታየኛል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሰይፉ ከበሩ ገባ ብሎ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል፤ ካኪ ልብሱ በደንብ ተተኩሷል። እንጨት ፈላጩ ከጎኑ ነው፤ መጥረቢያውን መሬት ላይ አቁሞ እጀታውን ተደግፎታል። እዚያው ግቢ ውስጥ ያለው የኅብረት ሱቅ ሻጭ ጋሽ ከድር ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቷል። ስኳር መጥቷል ተብሎ ስለነበር ሰልፉ ከሱቁ ደጃፍ ተነሥቶ፣ በዛፉ ጥላ ሥር ዞሮ እስከ አጥሩ ደርሷል። እናቴ ከሰልፉ መካከል ዘንቢሏን ይዛ ቆማለች፤ እኔ ከአጠገቧ ነኝ፤ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። እትዬ ሰልማ ጀርባቸውን ለግንዱ ሰጥተው ቆመዋል። ከስፌት መኪናቸው ተነሥተው ስለመጡ አንገታቸው ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ ደረታቸው ላይ መርፌ ተሰክቷል።

ወሩ መስከረም ነበር። በየግቢው ያለ ባዶ ቦታ ሁሉ ጎመንና ድንች ይተከልበት የሚል መመሪያ ወጥቶ፣ ፍሬ የማይሰጥ ዛፍ እየተቆረጠ መሬቱ ለመደብ ይዘጋጅ ነበር። ጓድ ሰይፉ ይህን አንድ በአንድ አስረዳ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተሰጠውን ሥራ ሳይጨርስ እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ሰው ነበር። ንግግሩን ሲጨርስ ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት፣ "ጓድ፣ ጥላ ይሰጠናል እኮ። ስኳሩ እስኪደርሰን በፀሐይ እንቀቀል?" አለችው፤ ሰው ሳቀ። እሱ ጥላ አይበላም አለ። ፈላጩ መጥረቢያውን አነሣ።

"ያፈራል" አሉ እትዬ ሰልማ።

ጓድ ሰይፉ ዛፉን ከሥር እስከ ላይ አየው። ሰፈሩ ውስጥ ማንም ሰው ያ ዛፍ ሲያፈራ አይቶ አያውቅም። "መቼ ነው የሚያፈራው፣ ማዳም?"

"ጊዜ ስጠኝ፣ ልጄ።"

በዚያ ዘመን እሱን ልጄ ብሎ የሚጠራው ሌላ ሰው አልነበረም። ራሱን አከከ። መመሪያው ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ አይነካ ስለሚል፣ እስከ ጥር አጋማሽ እንደሚታገሥ፣ እስከዚያ ፍሬ ካልታየ ግን እንደሚቆረጥ ነገራቸው። እስከ ጥምቀት ማለቱ ነበር። ሊቀመንበር ስለሆነ በበዓል አይቆጥርም እንጂ ሁላችንም ገብቶናል።

እትዬ ሰልማ ሊባኖሳዊት ነበሩ። ባሕር ቁልቁል ከሚታይበት የተራራ መንደር ለሙሴ ኤልያስ ተድረው አዲስ አበባ የመጡት እናቴ ገና ልጅ ሳለች ነው። ሙሴ ኤልያስ ኦሎምፒያ አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ለውጡ ሲመጣ ሱቁ ተወረሰና የመንግሥት ዕቃ ማከማቻ ሆነ፤ እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ቦሌ ያለው ትልቁ ቤት የኅብረት ሱቅ ሲሆን እትዬ ሰልማ ወደ ሰርቪስ ቤቱ ገቡ፤ አልጋቸውን፣ የስፌት መኪናቸውንና ከሱቁ የተረፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ይዘው። የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም የሚሰፉት እሳቸው ነበሩ። ጋሽ ከድር ድሮ የባላቸው ሠራተኛ ስለነበር ሰው ሳያይ ሳሙና ያስቀምጥላቸዋል፤ ሰው ሲያይ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ተሰለፉ ይላቸዋል። እሳቸውም ይሰለፋሉ።

ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር ከትምህርት ቤት ስመለስ በመርፌ ቀዳዳ ክር አስገባላቸው ነበር። ስለ አገራቸው የሚያወሩልኝ ያን ጊዜ ነው። ስለ ሰው ብዙ አያወሩም፤ የሚያነሡት ዛፉንና እንስሳውን ነው። በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የሚበቅል፣ እንደ እኛ ጦስኝ የሚሸት ቅጠል አለ። በረዶው ሲቀልጥ ከሥሩ ብቅ የሚል ሐምራዊ አበባ አለ። በበጋ ጨረቃ ትልልቅ ኤሊዎች ከባሕር ወጥተው እንቁላላቸውን አሸዋ ውስጥ ይቀብራሉ፤ ከቀበሩ በኋላ ዞር ብለው ሳያዩ ወደ ባሕራቸው ይመለሳሉ። ጅብም አለን ሲሉኝ አላመንኳቸውም። ትንሽ፣ ሰውነቱ ዥንጉርጉር፣ ሰው የሚፈራ ጅብ ነው አሉ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲያ ያኔ የስንዴ ማሳ ስለነበር የእኛው ጅብ ሲመሽ እስከ አጥራችን ድረስ ይመጣል። ሲጮህ ሲሰሙ፣ "ይሄ የናንተው ባለጌ ነው፤ የእኛ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄድ" ይሉ ነበር።

ጥቅምት ላይ ደግሞ ሽመላዎች ይመጣሉ። በመንጋ ሆነው ከቦሌ በላይ ይዞሩና ገርጂ ማሳ ላይ አንበጣና እንቁራሪት ሊለቅሙ ይወርዳሉ። እትዬ ሰልማ ስፌታቸውን ትተው ወደ ግቢው ይወጣሉ፤ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው እስኪያልፉ ያያሉ። በመንደራቸው ላይ አልፈው የመጡ ናቸው። በልጅነታቸው ከተራራቸው ሆነው ወደ ደቡብ ሲሄዱ ያዩአቸው ነበር፤ የት እንደሚሄዱ ያወቁት ግን ቦሌ ከመጡ በኋላ ነው። "የመውጫ ቪዛ የማይጠየቁ እነሱ ብቻ ናቸው" ብለው ይስቁ ነበር። ሊባኖስ የተዳረች አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ጦርነት ቢኖርም ነይ ትላቸዋለች፤ እሳቸው ዛፌ ሳያፈራ አልሄድም ይላሉ። እኛ የእርጅና ቀልድ ይመስለን ነበር።

ዛፉን ኻሩብ ይሉታል። መነሻው ለሠርጋቸው መንገድ እናታቸው ስንቅ ብለው በሣጥናቸው የጨመሩላቸው ደረቅ ፍሬ ነበር፤ እንደ ባቄላ እሸት ረዘም ያለ፣ ቡናማ፣ ጣፋጭ። ፍሬውን መርከብ ላይ በልተው ዘሩን በመሐረብ ቋጥረው መጡ። ሦስት ችግኝ ወጣ፤ ሁለቱን ግቢ ውስጥ፣ አንዱን ኦሎምፒያ ከሱቃቸው ጀርባ ተከሉ። ኻሩብ እንደ ፓፓያ ወንድና ሴት አለው። ግቢ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ወንድ ሆነ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያበበ ጊዜ ሽታው ሰፈሩን አዳረሰ። ጎረቤቶች የሙሴ ኤልያስ ሽንት ቤት ሞልቷል አሉ። ሙሴ ኤልያስ የክት ልብስ ሳይለብሱ ከቤት የማይወጡ ሰው ነበሩ፤ ሐሜቱን ሲሰሙ በዚያው ቀን አስቆረጡት። እትዬ ሰልማ ለምነዋቸው ነበር፤ አልሰሙም። ሴቲቱ ዛፍ ከዚያ ወዲህ ባል የላትም፤ ከኦሎምፒያው ሱቅ ጀርባ ያለውም ወንድ ነው፣ ግን ሩቅ ነው። በየዓመቱ ታብባለች፤ አበባዋ ይረግፋል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ መጥረቢያው ተመልሶ በሄደ ማግሥት፣ ወደ ኦሎምፒያ እየተጓዝን ሳለ ነው። እናቴ አስፋልት መሻገር ስለሚያስቸግራቸው አብረሻቸው ሂጂ ብላኝ ነበር።

የዕቃ ማከማቻው ዘበኛ ካፖርት የለበሱ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ያለ ፈቃድ ማንም አይገባም አሉ። እትዬ ሰልማ ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ዘበኛው አላወቁም። በማግሥቱም ሄድን፤ ያው መልስ ነበር። ከዚያም ሌላ ቀን ሄድን። ያን ዕለት ዘበኛው የምን ዕቃ ረስተው እንደሆነ ሲጠይቋቸው እትዬ ሰልማ ከጀርባ ያለውን ዛፍ አበባ እንደሚፈልጉ ነገሯቸው።

ዘበኛው በአገጫቸው ወደ ጀርባ አመለከቱ። "ያን የሚገማውን?"

"አዎ።"

"እማማ፣ ለእሱማ ፈቃድ ምን ያደርጋል? ከነሥሩ ይውሰዱልኝ። እኔ ከሥሩ እያደርኩ እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት።"

ከነሥሩ እንዳይነካ አደራ ብለው አበባ የያዙትን ቅርንጫፎች በስፌት መቀሳቸው ቆረጡ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን በዘንቢል ይዘን በከተማ አውቶቡስ ተሳፈርን። ገና ኦሎምፒያን ሳናልፍ መስኮት መከፈት ጀመረ። አንዱ ሰው ጎረቤቱን በጥርጣሬ አየ። አንዲት ነጋዴ ከፊት ወንበር ዞራ፣ "ማነው ጫማውን ያወለቀ? በእግዜር ስም መልሶ ያጥልቅ" አለች። ቲኬት ቆራጩ ዶሮ የያዘ ሰው እንዲወርድ ጠየቀ፤ ዶሮ የያዘ አልነበረም። ከአጠገባችን ያሉት አንድ በአንድ ተነሥተው ወደ ኋላ ሄዱ። እኔ ጭንቅላቴን ደፍቼ ነበር። እትዬ ሰልማ ግን ዘንቢሉን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጀርባቸውን አቅንተው ወደ ፊት እያዩ ተቀምጠዋል፤ ሕፃን የታቀፈች ሴት ይመስሉ ነበር። ስንወርድ፣ "ለሙሴ ኤልያስ ይሄን አውቶቡስ ባሳየሁት" አሉኝ።

አበባዎቹ እንዳይጠወልጉ ውኃ በሞሉ ጠርሙሶች ውስጥ አስቀመጧቸው፤ የቢራም የዘይትም ጠርሙስ ነበር። ከቁርጥራጫቸው ቀይና ቢጫ ጨርቅ ቀድደው አንገታቸውን አሰሩ፤ ጋሽ ከድር መሰላል ይዞላቸው እየወጡ ከሴቲቱ ዛፍ ቅርንጫፎች መካከል አንጠለጠሏቸው። ንብና ዝንቡ የቀረውን ይሠራዋል አሉ። ሲጠወልጉ ደግሞ ሄደን ሌላ አመጣን። ዘበኛው አሁን በሩን ራሳቸው ከፍተው ይጠብቁን ነበር።

ይህ ሁሉ ለእኛ ግልጽ ነው። ለሰልፉ ግን ግልጽ አልነበረም። ሰው ጠዋት ዘይት ሊወስድ ሲመጣ ያየው ከዛፍ ላይ በቀይና በቢጫ ጨርቅ የተንጠለጠለ ጠርሙስ፣ በውስጡም የሚገማ ነገር ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ፈረንጇ ዛፉ ላይ መተት አስረዋል የሚለው ወሬ ከቦሌ አልፎ ሄዷል። አንዱ ዛፉን የነካ እጁ ይደርቃል አለ፤ ሌላው ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የሙሴ ኤልያስ ጢም ነው አለ። ሰልፉ ከጥላው ወጥቶ በአጥሩ ጥግ፣ በፀሐይ መቆም ጀመረ። እንጨት ፈላጩ ጋሽ ከድር ዘንድ መጥቶ፣ እሱ የልጆች አባት ስለሆነ ያን ሥራ ሌላ ሰው ይፈለግለት ብሎ ሄደ።

ጓድ ሰይፉም መጣ። መተት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ የአድኃሪ አስተሳሰብ መሆኑን ለሰልፉ በሰፊው ተናገረ። የተናገረው ግን ከበሩ ውጭ ሆኖ ነው። ከሰልፉ አንዱ፣ "ጓድ፣ እስቲ ገባ ብለህ አስረዳን" ቢለው ሌላ ስብሰባ እንዳለበት ትዝ አለው።

እናቴ ያን ዕለት ማታን ሳትጠብቅ በጠራራ ፀሐይ እትዬ ሰልማ ቤት ገባች። ደስ ብሏት ነበር። ነገሩ በራሱ እንዳለቀ፣ ከእንግዲህ ያን ዛፍ የሚነካ ሰው እንደማይገኝ፣ ጠርሙሶቹን ብቻ እንዳይነኩ ነገረቻቸው። እትዬ ሰልማ የስፌት መኪናውን መዘውር አቆሙ።

"አልማዝ፣ አሁን ፈርተው ተዉት። ነገ የማይፈራ ሊቀመንበር ሲመጣስ?"

"እሱን ያኔ ነዋ፣ እትዬ።"

"ያኔ እኔ የለሁም።"

እናቴ ተከራከረቻቸው። አበባው ባይዝስ አለች፤ ጥምቀት ሲደርስ ባዶ ሆኖ ቢገኝስ? ይችላል አሉ። አየሩ ሌላ ነው፣ እንደ አገራቸው ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ዛፉ ዛፍ ስለሆነ እንዲተው እንጂ ጠንቋይ ስለያዘው እንዲተው አልፈልግም አሉ። እናቴ ስትወጣ እነዚህ ሰዎች ግትር ናቸው አለችኝ፤ እነዚህ ሰዎች ያለቻቸው እሳቸውን ብቻ ነው።

የሚቀጥለው የሳሙና ቀን ሰልፉ በሞላበት ሰዓት እትዬ ሰልማ መሰላሉን ግንዱ ላይ አስደገፉ። ጓድ ሰይፉን ሰው ልከው አስጠርተውት ነበር። አንዱን ጠርሙስ ፈትተው ወረዱ፤ ጨርቁን ለአንዲት ሴት ሰጧት፣ ለልጇ ፀጉር እንዲሆን። አበባውን አውጥተው ያዙ። ውኃውን ሁሉም እያየ እግራቸው ላይ አፈሰሱት። ከሰልፉ አንዲት አሮጊት አማተቡ። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ።

"ና፣ ልጄ። አሽትት።"

ሰው ሁሉ ያየዋል። ጓድ ሰይፉ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ፊቱ የተጨማደደውን ዓይነት ከዚያ በኋላም አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ጋሽ ከድር ሳቀ፤ ቀጥሎ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፤ በመጨረሻ ራሱ ሳቀ። እትዬ ሰልማ ወንድና ሴቱን በፓፓያ እየመሰሉ አስረዷቸው፤ አንዳንድ ወንዶች አንገታቸውን ደፉ፤ ሴቶቹ ግን እስከ መጨረሻ ሰሙ። ሰልፉ ወደ ጥላው ተመለሰ። ጓድ ሰይፉ መሐረቡን አፍንጫው ላይ እንዳደረገ፣ "እስከ ጥር አጋማሽ ነው፣ ማዳም። አልረሳሁትም" ብሎ ወጣ። እንጨት ፈላጩም ሥራውን መልሶ እንደሚፈልገው ላከበት።

ኅዳር ገባ። የሴቲቱ ዛፍ አበባ እንደ ወትሮው ይረግፍ ጀመር፤ ጋሽ ከድር ጠዋት ጠዋት እየጠረገ ያወጣዋል፤ ሲጠርግ ወደ ሰርቪስ ቤቱ አያይም። እትዬ ሰልማ በየማለዳው መነጽራቸውን አድርገው ቅርንጫፉን ዝቅ እያደረጉ ያዩታል፤ ከዚያ ገብተው ይሰፋሉ። ጓድ ሰይፉ ለጎመኑ መደብ የሚሆን ፍግ አስመጥቶ ከአጥሩ ሥር አስቆለለ። ምን አዩ ብለን አንጠይቃቸውም ነበር።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከዛፉ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። በእጃቸው ጠሩኝ። የያዙት ቅርንጫፍ ላይ፣ ከእንጨቱ ተጣብቆ፣ እንደ አተር እሸት ጎበጥ ያለ ትንሽ አረንጓዴ ነገር ነበር። ከጎኑም ሌላ አለ። ቅጠሉን ገለጥ ሲያደርጉት ብዙ ነበር። ገብተው ከመኪናቸው ፊት ተቀመጡ፤ ክር ለማስገባት ሞከሩ፤ አልገባም። መርፌውን ሰጡኝ።

በጥምቀት ማግሥት፣ ሰልፉ እንደቆመ፣ ጓድ ሰይፉ ከነፈላጩ መጣ። መሰላል ወጥቶ ፍሬውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

"ይኸ ይበላል?"

"ሲበስል። ዓመት ይፈልጋል።"

"ማነው የሚበላው?"

"በእኛ አገር ልጆች፣ አህያም።"

"እኛ ከየትኞቹ ነን?" አለ ከሰልፉ አንዱ።

ጓድ ሰይፉ ወረደ፤ ሱሪውን አራገፈ። ፍሬ ስለያዘ አይቆረጥም አለ። ግቢው የቀበሌው ስለሆነ ደግሞ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ የቀበሌው ሀብት ነው አለ፤ ያለ ቀበሌው ፈቃድ ማንም እንዳይነካው። በሳምንቱ ግንዱ ላይ የሕዝብ ንብረት መሆኑን የሚናገር ቆርቆሮ ተመታበት። እናቴ በጣም ተናደደች። እትዬ ሰልማ ቆርቆሮውን አንብቢልኝ ብለው አስነበቡኝ፤ ሚስማሩን አዩ፤ ጥልቅ አልገባም አሉ። "የማንም ይሁን። ይቁም።"

በተከታዩ ዓመት ፍሬው ጠቆረ፤ መርገፍም ጀመረ። የሰልፉ ልጆች ከመሬት እየለቀሙ ያኝኩና ዘሩን በየመንገዱ ይተፉ ነበር። ቆርቆሮው ሲዝግ ቀበሌውም ረሳው። ትልቁ ቤት ከነግቢው ዛሬ ፎቅ ሆኗል፤ ዛፉም የለም። ያ ዘር ግን በየት በየት እንደደረሰ አላውቅም። አልፎ አልፎ በጥቅምት፣ ቦሌም ገርጂም፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ አያለሁ።

እትዬ ሰልማ የሄዱት ፍሬው በጠቆረበት ጥቅምት ነው። የመውጫ ቪዛቸው ተፈቅዶ፣ የስፌት መኪናቸውን ለእናቴ ሰጥተው፣ በአንዲት ሻንጣ ከሰርቪስ ቤቱ ወጡ። የዘይት ቀን ስለነበር ሰልፍ ነበር። ጋሽ ከድር ባንኮኒውን ትቶ ወጣ። ጓድ ሰይፉ ከዛፉ ሥር ነበር፤ ሊሰናበት ይምጣ ለቁጥጥር ይምጣ አልገባኝም። እትዬ ሰልማ አጠገቡ ቆመው ወደ ቆርቆሮው አመለከቱ።

"አንድ ልውሰድ? ትፈቅዳለህ?"

እጁን ዘርግቶ ከላይ ያለውን ትልቁን ራሱ ቀጠፈ። "ይውሰዱ፣ እትዬ" አላቸው። ማዳም አላለም።

እዚያው ቆመው ነከሱት። በቀስታ አኘኩ። ሰልፉ ያያቸዋል። ዘሩን መዳፋቸው ላይ አወጡ፤ በቀሚሳቸው ጠረጉት፤ በእናቴ እጅ አስቀምጠው ጣቶቿን አጠፉላት።

"አልማዝ፣ ከአንድ በላይ ትከሉ። ሸተተ ብላችሁም አንዱን እንዳትቆርጡት።"

ሻንጣቸውን አነሡ። ጋሽ ከድር ልያዝልዎት ቢል አልሰጡትም። በበሩ ወጥተው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ሄዱ።